ከአንዲት ጧፍ ጀምሮ፦ በቤተ ክርስቲያን በር ስላለች አንዲት የመባ መሸጫ

ባለፈው የካቲት፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ደብር ቅጥር በር አጠገብ ወደምትገኝ አነስተኛ የንዋየ ቅድሳት መሸጫ 500 ብር ይዤ ገባሁ። ለወራት አልጋ ላይ የቆየችው እናቴ ተነሥታ በእግሯ መሄድ ስለ ጀመረች፣ በጭንቄ ጊዜ «መባ ይዤ ደጅሽ እመጣለሁ» ብዬ የተሳልኩትን ለማድረስ ነበር የሄድኩት። ስለቱን ስሳል የመባውን ዓይነትም መጠንም አልጠቀስኩም፤ የሕክምናው ወጪ ቤታችንን ካራቆተው በኋላ ግን በእጄ የቀረው ያ ብቻ ሆነ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ያለውን ጥቂት ነገር ለእግዚአብሔር ለማቅረብ የሚፈልግ ሰው ወዴት ቢሄድ እንደሚሻለው፣ በዚያችም ሱቅ የሚሸጠው ዕቃ ምን ያህል የታመነ እንደሆነ ለማሳወቅ ነው። የመባ መሸጫ እንደ ሌላው ሱቅ በዕቃው ብዛትና በዋጋው ቅናሽ ብቻ የሚመዘን አይመስለኝም፤ ወደ ውስጥ የገባው ሰው ያለውን በክብርና በእውነት እንዲያቀርብ መርዳቱ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታይ ይገባል።

ይህን ሚዛን እንድይዝ ያደረገኝ ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ስሙን ልጠቅሰው በማልፈልገው ሌላ ሱቅ ውስጥ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ሻጩ ምን ያህል ብር እንደያዝኩ ከጠየቀኝ በኋላ፣ ለእናት ጤና የተሳለ ሰው በዚያ ገንዘብ መቅረብ እንደማይገባው ነገረኝ፤ ከዚያም በወርቃማ ዘርፍ ያጌጠ ትልቅ ጥላ ከሰቀለበት አውርዶ ዘረጋልኝና ቀሪውን በሁለት ወር እንድከፍል ዱቤ ሊሰጠኝ እንደሚችል ገለጸልኝ። ዱቤውን አልተቀበልኩም፤ ነገር ግን ከዚያ የወጣሁት አንገቴን ደፍቼ ነው፤ ሌሊቱንም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያሳዘነኝ የዋጋው መወደድ አልነበረም፤ የድሀ እጅ በእግዚአብሔር ፊት የሚያሳፍር እንደሆነ ተደርጎ መነገሩ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 5 ሕጉ ራሱ ለሰው አቅም ቦታ ትቶለታል፤ በግ ያልቻለ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች ያመጣል፤ ያንንም ያልቻለ የኢፍ መስፈሪያ አሥረኛ እጅ መልካም ዱቄት ያቀርባል። ጌታችን ወደ ቤተ መቅደስ በተወሰደበት ቀን እመቤታችን ይዛ የሄደችው የድሆችን መሥዋዕት እንደነበረ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 እናነባለን። በእርሷ ስም ስለት ለማድረስ የመጣን ሰው በድህነቱ ማሸማቀቅ እንዴት እንደሚቻል ዛሬም አይገባኝም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። የምጽፍላት ሱቅ ስፋቷ ከአንድ መኝታ ክፍል የማይበልጥ ሲሆን፣ በግራ በኩል ጧፍና ዕጣን፣ በቀኝ በኩል መጋረጃ፣ መጎናጸፊያና ምንጣፍ፣ ፊት ለፊት ደግሞ መስቀል፣ መቁጠሪያና ሥዕለ አድኅኖ ተደርድረዋል። የሚያስተናግዱት በዕድሜ የገፉ፣ ደንበኞች ሁሉ «እትዬ» እያሉ የሚጠሯቸው እናትና አንዲት የእኅታቸው ልጅ ናቸው። እትዬ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ የጠየቁኝ ስለ ገንዘቤ አልነበረም። «ልጄ፣ ለየትኛው ደብር ነው የምትወስጂው?» አሉኝ። የደብሩን ስም ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ «እነርሱ ዘንድ ዕቃ ቤቱ በጥላና በምንጣፍ ሞልቷል፤ የጎደላቸው ዘቢብና ዕጣን ነው፤ ዲያቆኑ ባለፈው እሑድ መጥቶ ነግሮኛል» አሉ። እኔ 500 ብር ብቻ እንዳለኝ በኀፍረት ስገልጽላቸው ደግሞ፣ «ታዲያ መቼ አነሰ? ለታክሲሽ አስቀሪና በሌላው እናያለን» ብለው ሚዛናቸውን ሳቡ።

የዚህች ሱቅ ትልቁ አገልግሎት በእኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ ነው። አብዛኞቻችን መባ ስንወስድ የምንመርጠው ለዓይን የሚሞላውን፣ ሲገባ ሰው የሚያየውን ነገር ነው፤ ቅዳሴው ሊቀደስ የሚፈልገው ግን በየዕለቱ የሚያልቀውን፣ ማለትም ለመሥዋዕቱ የሚሆነውን ስንዴ፣ ዘቢቡን፣ ዕጣኑን፣ ጧፉን፣ ዕጣን ለሚጨስበት ጽና የሚሆነውን ከሰል ጭምር ነው። እትዬ በአካባቢው ያሉ አጥቢያዎችን ጉድለት በአንዲት ደብተር ይይዛሉ፤ ከከተማ ውጭ ላሉ፣ ጧፍና ዕጣን አጥተው አገልግሎታቸው ለሚስተጓጎል አብያተ ክርስቲያናት የሚሄድ ዕቃም በአንድ ጥግ ለብቻው ያስቀምጣሉ። ገዢው ከፈለገ ከገዛው ላይ ጥቂት ጧፍ እዚያ ጨምሮ ይሄዳል፤ ካልፈለገም ማንም አይጠይቀውም።

አሁን ስለ ዕቃው ጥራት በዝርዝር ልናገር፤ ይልቁንም ስለ ጧፉ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚታለልበት ዕቃ እርሱ ነው። ጧፍ በትክክለኛው መንገድ የሚሠራው ከጥጥ ፈትልና ከንብ ሰም ነው። ፈትሉ ተደርቦ ይከረራል፤ በቀለጠ ሰም ውስጥ ደጋግሞ ይነከራል፤ ከዚያም ገና ለብ እያለ በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ በመዳፍ እየተድቦለቦለ ይስተካከላል። ንጹሕ የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ስለሆነ በእጅ ሙቀት ይለሰልሳል እንጂ አይቀልጥም፤ ሽታውም የማር ሽታ ነው። ሰም እየተወደደ በመምጣቱ ግን ፓራፊን ወይም ሞራ የሚቀላቅሉ ሠሪዎች በዝተዋል፤ ከነጭራሹ ከፓራፊን የተሠራውን ቢጫ ቀለም ነክረው የሰም ጧፍ ነው ብለው የሚሸጡም አሉ። ከዚህች ሱቅ የገዛሁትን ጧፍና ቀደም ሲል ከሌላ ቦታ ገዝቼ ቤት ያስቀመጥኩትን በአንድ ማታ ጎን ለጎን አብርቼ አይቻቸዋለሁ። የሱቋ ጧፍ ጎንበስ ሲደረግ ሳይሰበር ይታጠፋል፤ ነበልባሉ የረጋ ነው፤ ሲያልቅም በመቅረዙ ላይ የተወው ቅሪት ጥቂት ነው። ሌላኛው ገና ሲታጠፍ ተሰንጥቆ ቅርፊቱ ረገፈ፤ ሲበራም ጥቁር ጭስ አወጣ፤ ክሩ ከጥጥ ያልተፈተለ ስለነበረም መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ።

ይህ ልዩነት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ነቢዩ ሚልክያስን ማንሣት ግድ ይለኛል። በምዕራፍ 1 ላይ ዕውሩንና አንካሳውን እንስሳ ለመሥዋዕት ያቀረቡትን ሰዎች ሲወቅስ፣ እስቲ ያንኑ ለሹማችሁ ውሰዱለት፣ ደስ ይለው እንደሆነ እዩ ይላቸዋል። በዚያ ወቀሳ ውስጥ የድሀው መባ አልተነቀፈም፤ የተነቀፈው የተሻለ እያለው የከፋውን መርጦ የሚያቀርብ ሰው ነው። እንግዲህ አንዲት እናት ያላትን ጥቂት ብር ሰጥታ የሰም ጧፍ መስሏት ፓራፊን ይዛ ስትሄድ፣ ልቧ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ሻጩ መባዋን አጉድሎባታል፤ ያጎደለውም ከእርሷ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በመባ ሱቅ ውስጥ የዕቃ መታመን የእምነቱ አካል ነው ብዬ አምናለሁ፤ እትዬም በዚህ ረገድ ለተጠየቁት ሁሉ እውነቱን ይናገራሉ። «ይኼኛው ሰም ነው፣ ያኛው የፋብሪካ ነው፤ ቤት ስትጸልዪ ብታበሪው ምንም አይደለም፤ ለመቅደስ ግን ይኼን ውሰጂ» ብለው በእጄ አስያዙኝ።

ከሁሉም በላይ ደስ ያሰኘኝ ጧፉን በነጠላም መሸጣቸው ነው። በበዓል ሰሞን ብዙ ሱቆች ጧፍ በእሽግ ካልሆነ አንሸጥም ይላሉ፤ እዚህ ግን አንድ ጧፍ ብቻ የምትገዛ ሴት ተራዋን ጠብቃ፣ መጎናጸፊያ ከሚገዛው ሰው እኩል ተስተናግዳ፣ ጧፏ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎላት ስትወጣ አይቻለሁ። ጌታችን በቤተ መቅደሱ የገንዘብ ሣጥን ፊት ተቀምጦ ሁለት ናስ የጣለችውን መበለት የተመለከተበትን ዓይን አሰብኩ። ብዙ የጣሉት ባለጠጎች ከትርፋቸው ሲሰጡ፣ እርሷ ለኑሮዋ የነበራትን ሁሉ እንደ ሰጠች ማርቆስ በምዕራፍ 12 ጽፎልናል።

ዕጣኑም ጥሩ ነው። የሚሸጡት በአብዛኛው ከመተማ በኩል የሚመጣውን ነጭ ዕጣን ነው፤ ይህ ዕጣን ዛፉ በበጋ ወራት በስለት ተፍቆ የሚያፈሰው ሙጫ በፀሐይ ደርቆ የሚለቀም ነው። ትልልቁና ነጣ ያለው ፍሬ ከአቧራማውና ቅርፊት ከበዛበት ተለይቶ በሁለት ዕቃ ተቀምጧል፤ ዋጋውም በዚያው መጠን ይለያያል። እኔ የወሰድኩት ከተሻለው ጥቂቱን ነው፤ ከዝቅተኛው ብዙ ልወስድ እችል ነበር፣ ነገር ግን የልጅቷ ምክር ትክክል መሰለኝ፤ ቅርፊት ያለው ዕጣን በፍሙ ላይ ሲወድቅ መዓዛው ሳይሆን የእንጨት ጭሱ ይቀድማል ብላኛለች። በነገራችን ላይ የዕጣን ዛፎቹ ያለ ልክ እየተፋቁ በየቆላው በመድረቅ ላይ ናቸው፤ አዲስ ችግኝም በበቂ ሁኔታ አይተካቸውም፤ ለቤተ ክርስቲያን ዕጣን የምናቀርብ ሰዎች ስለ ዛፉም ልናስብ የሚገባን ጊዜ እንደደረሰ ይሰማኛል።

ዘቢቡን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ በዘይት ያልታሸ፣ ፍሬው ያልበሰበሰ፣ ለቅዱስ ቁርባኑ ወይን ለመጨመቅ የሚመች ነው፤ ስንዴውም ሌላ እህል እንዳይቀላቀልበት ተለቅሞ የተዘጋጀ ነው። ሥዕሎቹ ግን ደካማ ናቸው፤ ቀለማቸው የደበዘዘ የኅትመት ሥራ ስለሆነ ሥዕለ አድኅኖ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ቢፈልግ ይሻለዋል።

በዚያች ከሰዓት ያየሁትና እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ነገር ግን ሽያጭ አልነበረም። አንዲት ነጠላቸው የተጣፈ፣ ምርኩዝ የያዙ እናት ገብተው ከጉያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ልቃቂት አወጡ። ራሳቸው በእንዝርት የፈተሉት ጥጥ ነበር። እትዬ ልቃቂቱን ተቀብለው ጥንካሬውን በጣታቸው ከፈተሹ በኋላ፣ መዝነው፣ በምትኩ አምስት ጧፍ ቆጥረው ሰጧቸው። በኋላ ስጠይቃቸው እንደነገሩኝ፣ ገንዘብ የሌላቸው ነገር ግን እጃቸው የሚሠራ እናቶች ፈትል አምጥተው ጧፍ እንዲወስዱ ካደረጉ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ፈትሉም ለሚቀጥለው ጧፍ ክር ይሆናል። ሙሴ የምስክሩን ድንኳን ባሠራ ጊዜ ወርቅ ካቀረቡት ጋር፣ በእጃቸው የፈተሉ ልበ ጥበበኛ ሴቶች የፈተሉትን እንዳመጡ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 35 ተጽፏል፤ የፍየል ጠጉር የፈተሉትም ሳይቀሩ ተቆጥረዋል። እነዚያ እናት ጧፎቹን ሲቀበሉ ምጽዋት እንደተቀበለ ሰው አላጎነበሱም፤ ጧፎቹን አንድ በአንድ እያዩ፣ አንዱ ስለ ቀጠነባቸው እንዲለወጥላቸው ጠየቁ፣ ተለወጠላቸውም። ሰው በሠራበት እጁ ያገኘውን ለአምላኩ ሲወስድ ፊቱ ላይ የሚታየው ክብር እንዲህ ያለ እንደሆነ ያን ቀን ተረዳሁ።

ጥላና ምንጣፍ ለመግዛት የሚመጣ ሰውም እዚህ ይስተናገዳል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄዱ ተሳላሚዎች ጥላ ከዚህ እንደሚይዙ እትዬ ነግረውኛል፤ ከውጭ አገር ለእረፍት የመጡ ምእመናንም እዚያ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት የሚሆን መጎናጸፊያና ጧፍ ይወስዳሉ። አቅሙ ያለው ሰው ያማረ ጥላ ማቅረቡን ልነቅፍ አልሻም። ኢያቡሳዊው ኦርና አውድማውን በነጻ ሲሰጠው ዳዊት እንቢ ብሎ፣ ያለ ዋጋ ያገኘሁትን ለአምላኬ አላቀርብም በማለት አውድማውንና በሬዎቹን በ50 ሰቅል ብር እንደ ገዛ እናውቃለን፤ ያለው ሰው ያለውን ያህል ሊሰጥ ይገባዋል። ነገር ግን በበዓል ቀን የገባው ጥላ ተርፎ በጨረታ ሲሸጥ፣ እዚያው ደብር የመሥዋዕት ስንዴ ሲጎድል ማየት ያሳዝናል። ለድንኳኑ ሥራ የቀረበው ከሚበቃው በላይ በሆነ ጊዜ ሙሴ ሕዝቡ ተጨማሪ እንዳያመጣ በሰፈሩ አሳወጀ እንጂ ስጦታውን ዝም ብሎ አላከማቸም። እትዬ ሦስት ጥላ ሊገዛ የመጣን አንድ ሰው አንዱን ጥላ ገዝቶ በቀሪው ገንዘብ ለሁለት የገጠር አጥቢያዎች የዓመት ዕጣን እንዲያደርግ ሲመክሩት ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ምክር ከሻጭ አፍ ሲወጣ ትርፉን የሚቀንስበት ስለሆነ በእርግጥ ዋጋ አለው።

ጉድለቶቿንም ሳልናገር ባልፍ ለአንባቢ አልታመንም። የመጀመሪያውና ትልቁ፣ የሰሙ ጧፍና የፓራፊኑ ጧፍ በአንድ መደርደሪያ ላይ ያለ ምንም ጽሑፍ ተጠጋግተው መቀመጣቸው ነው። ለጠየቀ ሰው እውነቱ ይነገረዋል፤ ያልጠየቀና የቸኮለ ሰው ግን የትኛውን እንደያዘ ሳያውቅ ሊሄድ ይችላል፤ ይህንንም ለእትዬ በትሕትና ነግሬያቸው፣ ጽሑፍ ሊያስለጥፉበት ቃል ገብተውልኛል። ዋጋም በየትኛውም ዕቃ ላይ አልተጻፈም፤ ይህ ለድሀው ገዢ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም የማይችለውን ዕቃ ዋጋ እየጠየቀ መመለስ ስለሚያሸማቅቀው ሳይጠይቅ መውጣትን ይመርጣል። ደረሰኝ የሚሰጡት ሲጠየቁ ብቻ ነው፤ የማኅበርን ገንዘብ ይዞ የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያሳስብ ጥሩ ነው። በዋዜማ ቀናት ወረፋው እስከ ቅጥሩ አጥር ይደርሳል፤ ለአረጋውያን መቀመጫ የሚሆን አንድ አግዳሚ ወንበር እንኳ ውጭ ቢደረግ ብዙ ድካም ይቀንስ ነበር። የክፍሉ መብራትም ደካማ በመሆኑ የጨርቆቹን ቀለም በትክክል ለማየት ወደ በሩ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል።

በ500 ብሬ የወሰድኩት አሥር የሰም ጧፍ፣ ጥቂት ነጭ ዕጣንና ሩብ ኪሎ ዘቢብ ሲሆን፣ ለታክሲ የሚሆነኝም ተርፎኛል። ዋጋው ከፋብሪካ ጧፍ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከፍ ይላል፣ ከእውነተኛ ሰም ጧፍ ዋጋ ጋር ግን ተመጣጣኝ ነው። በማግስቱ ማለዳ ኪዳን ከመጀመሩ በፊት ለዕቃ ቤቱ አስረከብኩ፤ ዲያቆኑ ዘቢቡን ሲያይ ፊቱ በርቶ፣ «ለዛሬ ቅዳሴ ደረሰልን» አለኝና የእናቴን የክርስትና ስም ጠይቆ ጻፈ። ከቅዳሴው በኋላ፣ 78 ነፍስ ያጠፋው በላዔ ሰብእ በእመቤታችን ስም ለተጠማው ለምጻም ስለ ሰጠው ጥርኝ ውኃ እንዴት ምሕረት እንዳገኘ ሲነበብ፣ በየዓመቱ ስሰማው የኖርኩት ታሪክ ያን ዕለት ለእኔ ብቻ የሚነገር መስሎ ተሰማኝ። ከጧፎቹ አንዱ በመቅረዙ ላይ ሲበራ ከሩቅ አየሁት፤ የእኔ ይሁን የሌላ ሰው ለይቼ አላወቅኩም።

እናቴ የሆነውን ሁሉ ስነግራት የሰማችው ከሁሉ በላይ የልቃቂቱን ነገር ነው። ከታመመች ወዲህ ያልነካችውን እንዝርት አስወርዳ፣ በቀን ጥቂት ጥቂት እየፈተለች ነው፤ ለግንቦት ልደታ የራሷን ጧፍ ይዛ መሄድ ትፈልጋለች። ፈትል ለማስረከብ ለሚያስቡ ሁሉ እንዲጠቅም፣ እትዬ ልቃቂት የሚቀበሉት ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው፤ ጥጡ ንጹሕ፣ ፈትሉም ቀጭንና በደንብ የከረረ መሆን አለበት፤ ከሌላ ክር ጋር የተቀላቀለውን አይቀበሉም።